ነጎድጓድ ሳይቀድመን

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 19 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለምሥራቅ
ባሕር ዳር

እትዬ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። እናታችን ጉልበቷን ከሚቆረጥማት በቀር ደኅና መሆኗን ከሸኸዲ የመጣ ሰው ነግሮኛል። እኔም የገዳሪፍ ሙቀት ሲያከስለኝ ከመዋሉ በስተቀር ጤነኛ ነኝ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ መልስ ለመጻፍ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነውና እንደ ወጣ ይውጣ፤ መካኒክ አይደለሁም። «መካኒክ» ብዬ የጻፍሁት ደብዳቤው ለእናታችን ሲነበብላት ጎረቤት እንደሚሰማ ስለማውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሉን መልሶ መዋጥ አቃተኝ። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

የሐጅ ሰላሃዲን ፋብሪካ ሰሊጥ የሚያበጥር መሆኑ፣ እኔም እዚያ መቀጠሬ ግን እውነት ነው። ሰሊጡ ከእርሻ የሚመጣው ከነአፈሩና ከነገለባው ነው፤ ማሽኑ ሲያበጥረው አቧራው እንደ ጉም ይነሣል። የእኔ ሥራ ያንን አቧራ ማራገፍ ነው። በየማለዳው የአየር ቱቦ ይዤ ከሞተሮቹ እጀምርና፣ ወንፊቱን አልፌ፣ መጨረሻ ላይ ማሽኖቹን ሁሉ የምታዘውን ግራጫ የብረት ሣጥን ከፍቼ ውስጧን እነፋለሁ። የሣጥኗ ቁልፍ በአንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር ታስሯል። በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ያለኝ ሹመት ይህ ቁልፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ የዚህች ሣጥን ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከፍቼ ስነፋ፣ ከሆዷ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት በርታ አገኘኋት። በአሥራ ስድስት ወር አንድም ቀን በርታ አላየኋትም። ከሥሯ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ያላት የባትሪ ድንጋይ አለች። ሮጬ ለኡስታ ኢሀብ ነገርሁት። ኡስታ እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ የሚጠራበት ስም ነው፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ በሙሉ በእርሱ እጅ ነው። መጥቶ አየት አደረጋትና፣

«ያ ባንታ፣ ይቺ ባትሪዋ ደከመች የምትል መብራት ናት። አሁን የሥራ ጊዜ ነው። ኸሪፍ ሲገባ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ከህረባው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ተረጋግተን እንለውጣታለን» አለኝ። ኸሪፍ የሚሉት የዝናቡን ወራት ነው፤ ከህረባ ደግሞ ኤሌክትሪኩን።

እርሱ ተረጋጋ። እኔ አልተረጋጋሁም። የማውቀው ባትሪ ሁሉ ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል፤ ይህች ግን ስታልቅ መብራት ታበራለች። ነገሩ እንደ ጩኸት ሆነብኝ። አንቺ በፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ የምትሠሪ ነሽና የምትለውን ንገሪኝ። መልስሽን በቱርካ እጅ ላኪው፤ ቱርካ የምልሽ ከባሕር ዳር በጎንደር አድርጎ ገዳሪፍ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ፖስታው ከእርሱ መኪና ይዘገያል፤ የእርሱም መኪና ከበሬ አይፈጥንም።

አቧራ አራጋፊው ወንድምሽ
ባንታምላክ


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ባንቴ፣

ደብዳቤህ እንደ ሁልጊዜው ከአውራጃ ጽሕፈት ቤት የወጣ መስሎ ደረሰኝ፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው። ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው ጻፈው ብል የሚያምነኝ የለም። የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙህ የደብዳቤውንም ነገር ጨምረውልሃል መሰለኝ።

ስለ መካኒክነቱ አልተቀየምሁህም። ዓመት ሙሉ ስለ ሥራህ ስጠይቅህ ስለ አየሩ ስትመልስልኝ ጠርጥሬ ነበር። ደግሞስ እኔ ማን ሆኜ ነው ሰው የደበቀውን የምቆጥረው? ይህን ለጊዜው እንተወው።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። ያቺ ሣጥን የምታውቀውን ሁሉ የያዘችው በጭንቅላቷ ነው። የትኛው ሞተር ቀድሞ እንዲነሣ፣ የቱ በር መቼ እንዲከፈት፣ ጆንያው ስንት ሲሞላ እንዲቆም፣ ሁሉንም። ዋናው መብራት ሳለ በእርሱ ታስታውሳለች። ዋናው ሲጠፋ የምታስታውሰው በዚያች በባትሪ ድንጋይ ነው። ቀይዋ መብራት «ልደክም ነው» ማለቷ ነው። የቀራት አቅም የሰዓት ይሁን የደቂቃ ማንም አያውቅም፤ ለኸሪፍ አምስት ወር እንደማይበቃት ግን እኔ አውቃለሁ። በኸሪፍ አጥፍተን እንለውጣታለን ማለት በሽተኛው ከተቀበረ በኋላ መድኃኒቱን እናመጣለታለን ማለት ነው።

ይህን ሦስት ጊዜ አንብበው፦ ባትሪዋ የምትለወጠው ዋናው መብራት በርቶ ነው። በርቶ፣ ባንቴ። እስከዚያ ድረስ ዋናውን ሰው እንዳይነካው።

ባትሪዋ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር አንድ ሳታስቀር ገልብጠህ ላክልኝ። ማንበብ የማትችለውን ፊደል ሣለው። የመሰኪያዋንም ቅርጽ ሣል። አሁኑኑ።

ይህን ያህል ለምን እንደ ጮኽሁ አትጠይቀኝ።

ምሥራቅ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

እትዬ፣

አልጠይቅሽም ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ዳሩ ግን ከታች እጠይቅሻለሁ፤ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሰባት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ተሸክሜው ወደ ኡስታ ኢሀብ ሄድሁ። ሞተር ፈትቶ ዘይት በዘይት ሆኖ ተቀምጧል።

«ማን ናት ይህን ያለችው?»

«እኅቴ ምሥራቅ። ባሕር ዳር በፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት።»

«ሴት?»

«አዎን፣ ሴት።»

ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አሳየኝ። «ቁጠር። አሥር ናቸው? ወላሂ፣ በከህረባ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬ አሥሩም ጣቴ የቀረልኝ አጥፍቼ ስለምሠራ ነው። እኅትህ በመጀመሪያ ጣቶቿን ቆጥራ ትላክልን!»

ሰሊጡን በእጅ የሚለቅሙት ሴቶች ሰምተው ሳቁ። አለቃቸው ባሕሪያ፣ ምላሷ የማያርፍ የመተማ ሴት፣ «ባንታ፣ እኅትህ እንዳንተ ከሆነች ጣቷን ቆጥራ ስትጨርስ መኸር ይገባል» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ከማን ጋር እንደምንሽቀዳደም ላስረዳሽ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚህ ፋብሪካ ላይ መብረቅ ወርዶ ሁለት ሞተር አቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ሐጅ ሰላሃዲን አንድ ልማድ አለው። የዓመቱን የመጀመሪያ ነጎድጓድ በሰማ ጊዜ የትም ቢሆን ተነሥቶ ይመጣል፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ዋናውን እጀታ በገዛ እጁ ያወርዳል። በዚያች ሰዓት ፋብሪካው ተዘጋ ማለት ነው፤ እስከ መኸር እጀታውን የሚያነሣ የለም። ልጁ አንድ ዓመት «አባቴ፣ ነገ እናውርደው» ብሎት ሦስት ቀን አላናገረውም ይላሉ። ስለዚህ ቀኑ በወረቀት የተጻፈ ቀን አይደለም፤ ደመና ነው። አሁን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ በድንበሩ በጋላባት በኩል እያዩ ማጉረምረም ጀምረዋል። እኔም አንገቴ ወደ ሰማይ ቀርቷል።

ሣጥኗ ብትረሳ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። የተከሏት ፈረንጆች ከሄዱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ የምታውቀውንም በወረቀት ጽፈው አልተዉም። መኸር ገብቶ ሰሊጡ በር ላይ ሲከመር ማሽኖቹ እንደ ድንጋይ ይቆማሉ፤ እነባሕሪያ ሰማንያ ሴቶች ወደ ቤት ይመለሳሉ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሣጥኗን ማን ይከፍት ነበር?» የሚል ነው። ቁልፉ ከማተቤ ጋር ነው። በየማለዳው አየር ሲነፋባት የኖረ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሐበሻ ከተገኘ ሌላ ጥፋተኛ ማን ይፈልጋል? ቢራሩልኝ ከጋላባት ማዶ ይሸኙኛል፤ ባይራሩልኝ እስር ቤት ነው።

ቁጥሩንና ሥዕሉን በሌላ ወረቀት ገልብጬ አያይዣለሁ። ፊደሎቹን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና ከተሳሳቱ እኩል እንወቀሳለን። በገዳሪፍ ሱቆች ዞርሁ፤ የሚያውቃት ሰው የለም። አንዱ ነጋዴ የልብ በሽታ መሣሪያ ነው ብሎ አዘነልኝ።

ከአንቺ ፋብሪካ ግምጃ ቤት አንዲት አትጠፋምና ለአለቆችሽ ነግረሽ በዱቤ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ። ደግሞ፣ ታገሺኝ ብያለሁ፣ የቀድሞ ደብዳቤዎችሽ በፋብሪካው ፖስታ ነበር የሚመጡት፤ ሰማያዊ ማኅተም ነበራቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ማኅተሙን አጣሁት። ምነው?

ወንድምሽ
ባንታምላክ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ባንቴ፣

ለኡስታ ኢሀብ ንገረው፤ ጣቶቼን ቆጠርሁ፤ አሥሩም አሉ። ያጣሁት ሌላ ነው።

ማኅተሙን ያጣኸው ከፋብሪካው ከወጣሁ ዓመት ከሁለት ወር ስለሆነኝ ነው። በሳሙና ፋብሪካችን ያንተን የመሰለች ሣጥን ነበረች። ቀይዋን መብራት አየሁና ባትሪ ጠየቅሁ፤ ግዥው ቢዘገይብኝ በራሴ ገንዘብ አዲስ አበባ አዘዝሁ። እርሷ ሳትደርስ የጥምቀት ዕረፍት መጣ። በዕረፍት ጊዜ ሣጥኖቹን የማጽዳት ተራ የእኔ ነበር። ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን አደረግሁ፦ መጀመሪያ ዋናውን አጠፋሁ፤ ቆለፍሁ፤ ከዚያ ከፈትሁ። ልክ እንደ ኡስታ ኢሀብ። ከዕረፍት ስንመለስ ብናበራት ሣጥኗ ገና እንደ ተወለደ ሕፃን ሆና ተነሣች። ፋብሪካው ሃያ ሦስት ቀን ቆመ። ውሌ ሲያልቅ አላደሱልኝም፤ አልፈርድባቸውም። ያዘዝኋት ባትሪ ዘጠኝ ቀን ዘግይታ ደረሰች። እስካለፈው ሳምንት ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ ልጥላትም ልሸጣትም አልቻልሁም።

አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ኪዮስክ ሬዲዮ እጠግናለሁ። ረኀብ የለብኝም። ያልነገርሁህ ስለ ፈራሁህ ነው። አንተ ትምህርትህን ትተህ በሰው እርሻ ሰሊጥ እያረምህ እኔን አሥራ ሁለተኛ አድርሰኸኛል። «ያሸከምኸኝን በአንድ ቀን ጣልሁት» ብዬ እንዴት ልጻፍልህ? አንተ በመካኒክነት፣ እኔ በፋብሪካ፤ ሁለታችን ስንዋሻሽ እናታችን ብቻ ትኮራ ነበር።

ይበቃል። ቁጥርህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምሁ። ያንተዋና የእኔዋ አንድ ናቸው! መጠናቸው አንድ፣ ኃይላቸው አንድ፤ የሚለያዩት በመሰኪያቸው ብቻ ነው። በሣልኸው ሥዕል ልክ ከአሮጌ ሬዲዮ መሰኪያ ፈትቼ በየድሁላት። እንዲህ ያለች ባትሪ ሳትነካ ብትቀመጥ አሥር ዓመት ትቆያለች፤ ለካኋትም፣ ሙሉ ናት። በትንባሆ ቆርቆሮ አሽጌ ለቱርካ ሰጥቻለሁ። «ምንድን ናት?» ሲለኝ «የአንድ ፋብሪካ ትዝታ ናት» አልሁት። «ትዝታ ኬላ ላይ ቀረጥ አለው ወይ?» አለኝ።

ከዚህ በታች ያለውን በአንድ ትንፋሽ እንዳታነብ። አንዱን ሳትፈጽም ወደ ሌላው አትለፍ።

ማሽኖቹ ይቁሙ፤ ዋናው መብራት ግን በርቶ ይቆይ።

ሰዓትም ቀለበትም ቢሆን ብረት የሆነውን ሁሉ ከላይህ አውርድ። ከማተብህ ጋር ያለውን ቁልፍም ፈትተህ ለሰው ስጥ።

ባዶ እጅህን በሣጥኗ በር ብረት ላይ አሳርፍ። ከአቧራና ከልብስ የሰበሰብኸው ኃይል ካለ እዚያ ይቅር።

የአሮጌዋን መሰኪያ በጣትህ ይዘህ ሳብ። ሽቦውን አትሳብ።

የአዲሷን ቀይ ሽቦ አሮጌው ቀይ በነበረበት በኩል አድርገህ ሰካት። ጠቅ ስትል ትሰማታለህ። ጠቅ ካላለች አልገባችም።

ቀይዋ መብራት እስክትጠፋ በሩን አትዝጋ።

በመጨረሻ በበሩ ውስጥ በኩል ወረቀት ለጥፈህ የተለወጠችበትን ቀንና የለወጣትን ሰው ስም ጻፍ። ይህ ጌጥ እንዳይመስልህ፤ ስም የሌለው ሥራ ባለቤት የለውም።

ሰማዩ ምን ይመስላል?

ምሥራቅ


ገዳሪፍ፣ ግንቦት 29 ቀን 1993 ዓ.ም.

እትዬ፣ እትዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ በመጨረሻ አደርገዋለሁ፤ እጄ ከአፌ ቀድሞ እየሮጠ ነውና።

ሰማዩ ምን እንደሚመስል ለመጻፍ ጊዜ አልነበረም። ቱርካ ሐሙስ ይደርሳል ተብሎ ቀረ። ዓርብም ቀረ። ቅዳሜ ማለዳ አንድ ሰው በጋላባት መንገድ ካለችው ከዶካ መጥቶ፣ እዚያ ትናንት ማምሻውን መዝነቡን፣ የአንድ ሐበሻ መኪናም ከነጭነቷ በጭቃ መያዟን ነገረን። በገበያ ሲወራ ሰምቼ ቢሆን አላምንም ነበር፤ ይህ ሰው ግን ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ጭቃ ነው። ለማንም ሳልናገር የገበያ አውቶቡስ ላይ ተሰቀልሁ።

ቱርካን ከመኪናው አጠገብ አገኘሁት። መኪናዋ እስከ ሆዷ ሰጥማለች፤ እርሱ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። «መጣህ? እንካ ትዝታህን። ኬላው ላይ የሰዓት ድንጋይ ነው ብዬ አሳለፍኋት፤ ፈታሹ የግንብ ሰዓት ነው ወይ አለኝ» ብሎ ቆርቆሮውን ከነደብዳቤሽ ከኮቱ ኪስ አወጣልኝ። ከደረቱ ሳትለይ ነው የያዛት፤ ይህን አልረሳለትም። ስመለስ አውቶቡስ አልነበረም። የእርሻ ሠራተኞች በጫነ ትራክተር ተጎታች ላይ ቆሜ መጣሁ፤ ደመናው ከኋላችን እየተከተለን፣ እኔ ወደ ኋላ እያየሁ።

በፋብሪካው በር ስገባ ነጎደ።

እትዬ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም፤ ወይም ሰምቼ አላዳመጥሁትም። ሮጬ ስደርስ ሐጅ ሰላሃዲን ከእጀታው ሥር ቆሟል። እጁ እጀታው ላይ ነው።

«ሐጂ፣ እንዳያወርዱት!»

በእርሱ ላይ ድምፅ ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዞር ብሎ አየኝ።

«ሰማዩን አልሰማህም፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ?»

«ሰምቻለሁ። ባትሪዋ መጥታለች። ይቺው! ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ።»

«ምን ያህል?»

ደቂቃ ብዬ ብቆጥር እንደሚከለክለኝ ታወቀኝ። የዐስር ሰላት፣ የከቀትር በኋላው ጸሎታቸው፣ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና፣ «ዐስርን ሰግደው እስኪነሡ» አልሁት።

ሰማዩን አየ፤ እኔን አየ፤ እጁን ከእጀታው አነሣ። «ሰግጄ ስነሣ ግን አልቆይም» ብሎ ምንጣፉን እዚያው ከእጀታው አጠገብ አነጠፈ።

ኡስታ ኢሀብ ይህን ጊዜ ደረሰ። «ከህረባው እያለ ልትነካት ነው? አንተ ልጅ፣ ሞት አማረህ ወይ?» ብሎ ጮኸ። ማሽኖቹን አስቆምሁ። ቁልፉን ከማተቤ ፈታሁ፤ ለባሕሪያ ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በሩን ነካሁ። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን፣ ከአንቺ የምደብቀው የለኝም፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መሰኪያዋን መያዝ አቃተኝ።

ከኋላዬ አንድ እጅ መጥቶ አንጓዬን ያዘኝ። ኡስታ ኢሀብ ነው። ሰዓቱን አውልቆ መሬት ላይ ጥሎታል።

«ተወው። እጅህ እንደ ወንፊቱ ይንቀጠቀጣል። ባትሪዋን ለእኔ ስጠኝ፤ አንተ እኅትህን አንብብ።»

እኔም አንቺን አነበብሁ። መስመር በመስመር፣ በአማርኛ አይቼ በዐረብኛ እየተናገርሁ። እርሱ በሩን ነካ። እርሱ አሮጌዋን ነቀለ። «ከዚያስ?» ይለኛል፤ ላቡ ከአፍንጫው ይንጠባጠባል። «ቀዩ በቀዩ በኩል» እለዋለሁ። «ከዚያስ?» «ጠቅ እስክትል።» ሰማንያ ሴቶች ከኋላችን ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

ጠቅ አለች። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ባሕሪያ እልል ልትል ስትል ኡስታው በእጁ ከለከላት፤ «ገና ነው፣ ገና ነው» አለ።

ሐጅ ተነሥቶ እጀታውን አወረደ። ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ባሕሪያ በኋላ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፤ ሐጅ ሰላቱን ቀድሞ ጨርሷል፤ ፊቱን ወደ ሣጥኗ መልሶ ተስቢሁን፣ መቁጠሪያውን፣ ሲቆጥር ነበር፤ አንዱን ዙር ጨርሶ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ጨርሶ ሦስተኛውን።

ወረቀቱን ለጥፌ ቀኑን ጻፍሁ። ስም ልጽፍ ስል ኡስታ ኢሀብ ብዕሩን ወሰደብኝ። «ስሙን ተወው። ማስታወሷን እስከ መኸር ማን ያውቃል? ከረሳች ስሙ እዚያ እንዲገኝ የሚወድ ሰው የለም» አለኝ። ስለዚህ ቦታው ባዶ ነው። አምስት ወር መጠበቅ አለብን።

ስለ ራስሽ የጻፍሽውን በትራክተሩ ላይ ቆሜ ነው ያነበብሁት። ይቅርታ የጠየቅሽበትን በደል በወረቀቱ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ያሸከምሁሽን አልጣልሽውም፤ በትንባሆ ቆርቆሮ ልከሽልኛል።

መንገዱ ሳይዘጋ ይህን ለሚሻገር ሰው ልስጠው። ሰላም ሁኚ፤ ሰላምታዬም ይኸው።

ባንታምላክ


ባሕር ዳር፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1993 ዓ.ም.

ባንቴ፣

ቱርካ መተማ ድረስ ሄዶ በመንገዱ መበላሸት ስለ ተመለሰ ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። እንደ አንተ ሆኛለሁ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያቺ ሣጥን ትታየኛለች። ትናንት የአንድ ሰው ሬዲዮ ሠርቼ ስጨርስ «ጠቅ ብላለች?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጠቅ ያለችው አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ? ብየዳዬ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢሆንስ? ስበይዳት እጄ እንዳንተው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን አልነገርሁህም።

ስለ ስሙ የጻፍህልኝን አስቤበታለሁ። ሣጥኗ ካስታወሰች የኡስታ ኢሀብን ስም ጻፉ፤ ሥራው የእጁ ነው፤ ደስ ይበለው። ከረሳች ግን የእኔን ጻፉ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንተን ደግሞ ማንም እንዳይነካህ።

ምሥራቅ


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1994 ዓ.ም.

እትዬ፣

የጳጉሜን ደብዳቤሽ የደረሰኝ ባለፈው ሰኞ ነው። ትእዛዝሽን እስከ ዛሬ ድረስ በኪሴ ይዤው ዞርሁ፤ ዛሬ ፋብሪካው ተከፈተ።

ሐጅ ሰላሃዲን እንደ ልማዱ ለከራማ፣ ለምስጋናው ድግስ፣ ሁለት በግ አሳረደ፤ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻችን ፉል ተቀቀለ። ከጠዋቱ አንስቶ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም። ባሕሪያ «ባንታ፣ ፉሉን ብላ፤ ከባረሩህም ጠግበህ ነው የምትባረረው» እያለች ሳሕኑን ገፋችልኝ። ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። ሐጅ ወደ እጀታው ሄደ። ኡስታ ኢሀብ ከሣጥኗ ፊት ቆመ፤ እኔ ከኋላው። ሣጥኗን እንድከፍት ጠቀሰኝ፤ ከፈትሁ።

«ቢስሚላህ።»

እጀታው ተነሣ። ሣጥኗ አረንጓዴ አበራች። ከዚያ ምንም የለም። እትዬ፣ ምንም። ባሕሪያ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። እኔ ጋላባት ታየችኝ። ኡስታ ኢሀብ ግን አልዞረም፤ ማስነሻውን ተጫነና ቀኝ እጁን ከጆሮው አጠገብ አቆመ።

አየር ሳቢው ተነሣ። ኡስታው አንድ ጣቱን ዘረጋ።

ወንፊቱ ተነሣ። ሁለተኛ ጣቱን።

ማመላለሻው ተነሣ፤ የላይኛው በር ተከፈተ፤ የታችኛው ተከተለው። እያንዳንዱ በተራው፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድመው፣ አምና እንደ ነበረው። ኡስታው አንዱን እጁን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ሰባተኛው ሞተር ሲነሣ ሰባት ጣቱን ወደ ሴቶቹ ዘርግቶ አሳያቸውና እንደ ልጅ ዘለለ። ባሕሪያ ኡስታው በግንቦት የከለከላትን እልልታ ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ ሰማንያዎቹ ተቀበሏት፤ በውጭ ያሉት ሾፌሮች ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ጥሩምባቸውን ነፉ።

ሐጅ መጥቶ ራሴን ነካ አድርጎ፣ «ከነገ ጀምሮ የአየር ቱቦውን ሌላ ሰው ይያዘው። አንተ ከኡስታው ጋር ነህ» አለኝ። እንግዲህ ለእናታችን «የኤሌክትሪክ ረዳት ሆኗል» ብለሽ ንገሪያት፤ ጎረቤትም ይስማ፤ ይህኛው እውነት ነው።

ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ኡስታ ኢሀብ የሣጥኗን በር ከፍቶ ባዶውን ቦታ አየ።

«ወረቀቱ ስም ይፈልጋል» አለኝ። «ያ ባንታ፣ የለወጣት ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ኡስታ። እጁ የእርስዎ ነው። እኅቴም ሣጥኗ ካስታወሰች የእርስዎን ጻፉ ብላ አዝዛለች።»

«ከረሳችስ የማንን አለች?»

አልዋሸሁትም፤ ነገርሁት። ሳቁን አቆመ። «እኔ እጅ ነበርሁ፤ አንተ ምላስ ነበርህ። እጅና ምላስ ብቻቸውን ምን ያውቃሉ?» አለኝ። ከዚያ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። እርሱ በዐረብኛ ጻፈ፤ እኔ ከሥሩ በአማርኛ ጻፍሁ፤ አቧራ እንዳይበላው ላስቲክ ለጠፍንበት።

እትዬ፣ ትእዛዝሽን በመተላለፌ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ከረሳች የእኔን ጻፉ ብለሽ ነበር። አልረሳችም። የአንቺን ጻፍን።

ወንድምሽ
ባንታምላክ